አጥሩ ሳስቶ፣ በሩ ጠብቆ፦ የደም ሥር ጉዳት በሞተር ኒዩሮን በሽታ

ኤኤልኤስ በተባለው ዋነኛው የሞተር ኒዩሮን በሽታ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ሕብለ ሰረሰር በስሱ ተቆርጦ፣ ብረት ያለበትን ቦታ ሰማያዊ በሚያደርግ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ዙሪያ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሊገኙ ይችላሉ። ፈራርሶ ከቀረ ቀይ የደም ሴል የተረፈ ብረት ነው። በጤነኛ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ደም ከነርቭ ሴል ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም፤ በመካከላቸው ጥብቅ አጥር አለ። ነጠብጣቦቹ አጥሩ መሳሳቱን ይመሰክራሉ። መቼ እንደሳሳ ግን አይናገሩም። የነርቭ ሴሎቹ ከመሞታቸው በፊት ነው ወይስ ከሞቱ በኋላ? ተመራማሪዎች ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲከራከሩበት የቆዩት ይህንኑ ነው። ክርክሩ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ይምሰል እንጂ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለው ብዙ ነው። አጥሩ ቀድሞ የሚሳሳ ከሆነ እሱን መጠገን በሽታውን ሊያዘገይ ይችላል፤ ተከትሎ የሚሳሳ ከሆነ ግን የጥገናው ጥቅም በጣም ይቀንሳል።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ ሴሎች ሞተር ኒዩሮን ይባላሉ። ከፊሎቹ አንጎል ውስጥ ሆነው ትእዛዝ ወደ ታች ይልካሉ፤ ከፊሎቹ በአንጎል ግንድና በሕብለ ሰረሰር የፊት ክፍል ተቀምጠው ትእዛዙን ለጡንቻ ያደርሳሉ። በኤኤልኤስ ሁለቱም ወገኖች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ሌላው እግሩ ይጎተትበታል፣ የሦስተኛው ምላስ ይተሳሰራል። እየዋለ እያደረ መዋጥ፣ በመጨረሻም መተንፈስ ይከብዳል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አይነኩም። አብዛኛው ታማሚ ምልክቱ ከጀመረው ጊዜ አንሥቶ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይኖራል። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ በቤተሰባቸው ተመሳሳይ በሽታ የለም፤ በዘር የሚወረሰው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በሽታውን በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሆኖ ለይቶ የገለጸው በ1869 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካኖች ደግሞ በቤዝቦል ተጫዋቹ በሉ ጌሪግ ስም ይጠሩታል። ጌሪግ 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቶ በ1939 በሽታው ተነገረው፤ በ1941 ሞተ። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ በ1963 ተነግሮት እስከ 2018 መኖሩ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። እኛም አገር በሽታው የሌለ እንዳይመስለን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አስጠይቀው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ሞተር ኒዩሮን በሽታን ከ100,000 ሰው 5 ገደማ በሚሆን መጠን አግኝተውታል። ከሚጥል በሽታ አንጻር ኢምንት ነው። ነገር ግን ታማሚው ቶሎ የሚሞትበት በሽታ በአንድ ቀን ቆጠራ ሁልጊዜም ከእውነተኛው ክብደቱ አንሶ እንደሚታይ ማሰብ ይገባል።

አጥሩ እንዴት ታወቀ? በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ይወጋና ሰውነታቸውን ከፍቶ ያይ ነበር። ጉበቱም ኩላሊቱም ጡንቻውም ቀለም ጠጥቶ ሲገኝ አንጎል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኤርሊክ አንጎል ቀለሙን ስለማይወድ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ከእሱ ጋር የሠራው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ነገሩን ገለበጠው፦ ቀለሙን በደም ሳይሆን አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ወጋ። አሁን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ሰማያዊ ሆኑ፣ የቀረው ሰውነት ግን ንጹሕ ነበር። አንጎል ቀለሙን ጠልቶት ሳይሆን የሚያግደው ነገር ስላለ ነበር። የሚያግደው የት ላይ እንደሆነ የታየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1967 ቶማስ ሪስና ሞሪስ ካርኖቭስኪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የደም ሥሩን ውስጣዊ ግድግዳ ሲመለከቱ፣ ሴሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ምንም ክፍተት ሳይተዉ አገኟቸው።

የግድግዳው ሴሎች ኢንዶቴልያል ይባላሉ። እርስ በርስ የሚያጣብቋቸው ክላውዲን-5፣ ኦክሉዲንና ዜድኦ-1 የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ከውጭ በኩል ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች የደም ሥሩን አቅፈው ይይዛሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ አስትሮሳይት የተባሉት የነርቭ ደጋፊ ሴሎች እግራቸውን ዘርግተው ይጠቀልሉታል። እንዲህ የተጠቀለለው ካፒላሪ (እጅግ ቀጭኑ የደም ሥር) ስፋቱ ከአንድ ቀይ የደም ሴል እምብዛም አይበልጥም። ግድግዳው ግን ዝም ብሎ የቆመ አይደለም፤ ስኳሩንና አሚኖ አሲዱን መርጦ ያስገባል፣ የማይፈልገውን ደግሞ በፓምፕ ወደ ደም ይመልሳል። ይህን የፓምፕ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ መድኃኒቶቹ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የሕብለ ሰረሰሩ አጥር ከአንጎሉ የላላ ነው። መጋጠሚያ ፕሮቲኖቹ ያንሳሉ፣ ፔሪሳይቶቹም ይሳሳሉ፤ በተለይ ሞተር ኒዩሮኖች በሚገኙበት የፊት ክፍል። ይህ ብቻውን የበሽታውን መነሻ አያስረዳም፤ የአንጎሉ ሞተር ኒዩሮኖችም ይሞታሉና። ቢሆንም ከጅምሩ ሳሳ ያለ ቦታ ችግር ሲመጣ ቀድሞ እንደሚጎዳ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከታማሚዎች የተገኙ የጥንት ፍንጮች ነበሩ። በ1980ዎቹ ሐኪሞች በሟቾች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በደም ብቻ መገኘት ያለባቸውን ፀረ እንግዳ አካላት አይተዋል፤ ከወገብ በመርፌ በተቀዳ ፈሳሽም ከደም የመጣ ፕሮቲን በዝቶ ያገኙባቸው ታማሚዎች ነበሩ። ማንም ብዙ ልብ አላለውም። በዘመኑ የነበረው እምነት በሽታው የነርቭ ሴሉ የራሱ ጉዳይ ነው የሚል ነበር፤ የደም ሥር ሐሳብ የቀረበ እንደሆነ ከዳር ይቀመጥ ነበር። ያ እምነት መሸርሸር የጀመረው በ1993 ኤስኦዲ1 የተባለው ጂን መበላሸት ከሚወረሰው ኤኤልኤስ ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። በተከታዩ ዓመት የሰውን የተበላሸ ጂን የተሸከመች አይጥ ተፈጠረች። አይጧ ጤነኛ ሆና ተወልዳ ወደ ሦስት ወር ገደማ የኋላ እግሮቿ ይዝላሉ፣ ከዚያም ትሞታለች። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተመራማሪው ከምልክቱ በፊት ያለውን ጊዜ ገልጦ ማየት ይችላል። በሰው ላይ ይህ አይቻልም፤ ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከሞተር ኒዩሮኖቹ ብዙዎቹ ሞተዋል።

በ2007 ታምፓ፣ ፍሎሪዳ የሚገኘው የስቬትላና ጋርቡዞቫ-ዴቪስ ቡድን በእነዚህ አይጦች ደም ውስጥ ቀለም ወግቶ ቀለሙ በሕብለ ሰረሰራቸው ውስጥ ሲሰርግ አየ። የኤርሊክ ሙከራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2008 ደግሞ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የቤሪስላቭ ዝሎኮቪች ቤተ ሙከራ ከዶን ክሊቭላንድ ጋር ሆኖ ያሳተመው ሥራ ነገሩን ወደ ፊት ገፋው። ሦስት የተለያዩ የኤስኦዲ1 ብልሽቶችን በተሸከሙ አይጦች ላይ፣ ሞተር ኒዩሮኖቹ ገና ሳይሞቱ የመጋጠሚያ ፕሮቲኖቹ ቀንሰው፣ የሕብለ ሰረሰሩ የደም ዝውውር ተዳክሞ፣ በዓይን የማይታይ መድማት ተጀምሮ ተገኘ። የደም ሥሩ ጉዳት ቀደመ። ጽሑፉ ሲወጣ የተሰማው ደስታ የሚገባ ነበር፤ ማረም የሚቻል ነገር የተገኘ መስሎ ነበርና።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ቤተ ሙከራ ራሱ ያሳተመው ሌላ ሥራ ግን ደስታውን ሊያበርድ የሚገባው ነበር፤ እንደሚገባው ሲነሣ ግን አይሰማም። ተመራማሪዎቹ የተበላሸውን ጂን ከደም ሥሩ ግድግዳ ሴሎች ብቻ ነጥለው አወጡ። ግድግዳው በራሱ ብልሽት ምክንያት እየፈረሰ በሽታውን የሚነዳ ቢሆን ኖሮ አይጦቹ ዕድሜያቸው መርዘም ነበረበት። አልረዘመም። በሽታው እንደወትሮው ሄደ። ታዲያ በዚያው ጥናት አክቲቬትድ ፕሮቲን ሲ የተባለ የደም ፕሮቲን የወሰዱት አይጦች፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እንኳ ቢሰጣቸው፣ የደም መፍሰሱ ቆመላቸው፣ ዕድሜያቸውም ጨመረ። አንባቢ ወዲያው አጥሩ ስለተጠገነ ነው ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ሐቀኛ ሆነው ፕሮቲኑ በሞተር ኒዩሮኑና ማይክሮግሊያ በተባሉት የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር የመከላከያ ሴሎች ውስጥ የተበላሸውን ጂን ምርት ስለቀነሰ ነው ብለዋል።

እኔ ከዚህ የምረዳው የደም ሥሩ መሳሳት ብቻውን እሳቱን እንደማይለኩስ ነው። ያባብሰዋል ወይ? እዚህ ላይ የ2014ቱ የዝሎኮቪች ቡድን ሙከራ ብልህ ነበር። ለአንዳንድ አይጦች ገና በለጋነታቸው ዋርፋሪን የተባለውን ደም አቅጣኝ በትንሽ መጠን ሰጥተው መድማቱን አፋጠኑት፤ ለሌሎቹ ደግሞ አጥሩን የሚያጠነክር መድኃኒት ሰጡ። መድማቱ በበዛባቸው ሞተር ኒዩሮኖቹ ፈጥነው ተጎዱ፣ ባነሰላቸው ዘገዩ። ከሄሞግሎቢን የወጣውን ነጻ ብረት የሚለቅም መድኃኒትም ጉዳቱን ቀነሰ። ስለዚህ አጥሩን የሚነካ ነገር በበሽታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አሻራ ይተዋል። በነገራችን ላይ፣ በልብ ወይም በደም መርጋት ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ አንባቢ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳያቆም። የአይጥ ሙከራ ሐኪም ያዘዘውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

ደም የነርቭ ሴልን ለምን ይመርዘዋል? ሄሞግሎቢን ሲፈርስ የሚለቀቀው ብረት ሴሉን ከውስጥ የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ያመርታል። ፋይብሪኖጅንና ትሮምቢን የተባሉት የመርጋት ፕሮቲኖች ማይክሮግሊያን ያስቆጣሉ፤ የተቆጣ ማይክሮግሊያ ደግሞ ጎረቤቱን አይምርም። በተጨማሪም በደም ውስጥ ያለው የግሉታሜት መጠን በነርቭ ሴሎች ዙሪያ ካለው እጅግ ይበልጣል። ግሉታሜት የነርቭ ሴል የሚነቃቃበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን ሴሉን እስኪሞት ያነቃቃዋል። በኤኤልኤስ ታማሚዎች ግሉታሜትን የሚጠርገው የአስትሮሳይት ፕሮቲን መቀነሱን ጄፍሪ ሮትስቲን በ1990ዎቹ አሳይቷል። ጠራጊው ባነሰበት ሰዓት ግሉታሜት ከደምም በስንጥቁ ገብቶ ከጨመረ ሸክሙ ከሁለት ወገን ይሆናል።

እዚህ ላይ ከአገራችን ገበሬ ማሳ የመጣ አንድ ምሳሌ አለ። በደምቢያና በፎገራ አካባቢ በድርቅ ዓመት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እግሩ ሊደርቅ ይችላል። ጉልበቱ ይቆለፋል፣ ሲራመድ እግሩ እንደ መቀስ ይጠላለፋል፣ በምርኩዝ ይሄዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ይህንንም ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ ግሉታሜትን መስሎ የነርቭ ሴሉን ከልክ በላይ የሚያነቃቃ አሚኖ አሲድ ነው። የሚጎዳው ከላይ ትእዛዝ የሚልኩትን ሞተር ኒዩሮኖች ነው። ኤኤልኤስ አይደለም፦ ጓያ የሰበረውን ሰው አይገድለውም፣ ጓያውን ከተወ በኋላም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። ግን የሚያስገርም ነገር አለ። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ቤታ-ኦዳፕ ቢወጋ ይንዘፈዘፋል፤ ያደገ ዶሮ ግን ያንኑ በደሙ ቢወጋ እምብዛም አይነካውም። በ1960ዎቹ ነገሩን የመረመሩ ሕንዳውያን ሳይንቲስቶች ትልቁን ዶሮ የጠበቀው አጥሩ ነው ብለው ጠረጠሩ። አንድ ማዕድ የቀረቡ የአንድ ቤት ሰዎች አንዱ ሲሰበር ሌላው የማይሰበረው ለምንድነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን ሙሉ መልስ አላገኘም። የምግቡ ይዘት፣ የሥራው ብርታት፣ ዕድሜና ጾታ ሁሉም ይነሣሉ። አጥሩም ከዝርዝሩ መግባት አለበት ባይ ነኝ። ሞተር ኒዩሮንን የሚጎዳ መርዝና አጥር የሚገናኙበትን ቦታ ለማጥናት ኢትዮጵያ ከማንም የተሻለ ዕድል አላት።

ወደ ሰው ታማሚዎች እንመለስ። በ2009 የታተመ ጥናት በታማሚዎች የወገብ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የመጋጠሚያ ፕሮቲኖቹን የሚያሠሩት መልእክቶች መቀነሳቸውን አሳየ። በ2013 የዝሎኮቪች ቡድን የ11 ሟች ታማሚዎችን የአንገት ሕብለ ሰረሰር ከ5 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ሄሞግሎቢን ከደም ሥር ውጭ ተከማችቶ፣ ፔሪሳይቶቹም ወደ ግማሽ ቀንሰው አገኘ። ምስሉ አሳማኝ ነው። ዳሩ ግን 11 ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ደግሞ በሽታው ካለቀ በኋላ የታዩ ናቸው። የመጨረሻ ሳምንታት የኦክስጅን እጥረትና ኢንፌክሽን በራሳቸው የደም ሥርን ይጎዳሉ። በ2021 ከኒው ዚላንድ ኦክላንድ የወጣው ሥራ ደግሞ ሌላ መጠየቂያ ጨመረ። ተመራማሪዎቹ የደም መፍሰስ ያለባቸውን ቦታዎችና ሞተር ኒዩሮን የሞተባቸውን ቦታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲመለከቱ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ደም የፈሰሰበት ሁሉ ሴል አልሞተበትም፣ ሴል የሞተበትም ሁሉ ደም አልፈሰሰበትም። አጥሩ ይሳሳል የሚለውን አላፈረሱትም፤ አጥሩ ስለሳሳ ሴሉ ሞተ የሚለውን ቀጥተኛ መስመር ግን ቆርጠውታል።

በሕይወት ያለ ታማሚ አጥር እንዴት ይለካል? የተለመደው መንገድ ከወገብ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን አልቡሚን ከደሙ አልቡሚን ጋር ማወዳደር ነው። አልቡሚን በጉበት የሚሠራ ስለሆነ በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው ከደም ያለፈው ብቻ ነው። በከፊል ታማሚዎች ላይ ንጽጽሩ ከፍ ይላል፤ በአብዛኞቹ ግን መደበኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አጥሩ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ መለኪያው የመላውን ሥርዓት አማካይ ስለሚሰጥ በፊተኛው ክፍል ያለችን ጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳት ይውጣታል።

የአይጡ ማስረጃ ትልቁ ድክመት ሁሉም ማለት ይቻላል በኤስኦዲ1 ላይ መመሥረቱ ነው። ኤስኦዲ1 ከጠቅላላው ታማሚ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከታማሚዎች 97 በመቶ ገደማ የሚጋሩት ምልክት ሌላ ነው፦ ቲዲፒ-43 የተባለ ፕሮቲን ከሴሉ ኒውክሊየስ ወጥቶ ውጭ ተጠቅልሎ ይከማቻል። ይህ በ2006 ታወቀ። የደም ሥሩ ጥያቄ ወደ ቲዲፒ-43 ለመሻገር ግን ዘግይቷል። በ2025 በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የፓትሪክ መርፊ ቡድን ያሳተማቸው ሥራዎች ለዚህ ነው የሳቡኝ። በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ራሳቸው የደም ሥር ግድግዳ ሴሎቹ ከኒውክሊየሳቸው ቲዲፒ-43ን እያጡ ነው፤ በአይጥ ላይ ደግሞ ይህ ሲሆን አጥሩ ይሳሳል። ነገሩ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ከተደገመ፣ የደም ሥሩ ሴል በነርቭ ሴሉ ሞት የሚጎዳ ተመልካች ሳይሆን በዚያው በሽታ የታመመ ሌላ አካል ይሆናል ማለት ነው። ያኔ ማን ቀደመ የሚለው ጥያቄ ራሱ መልኩን ይቀይራል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊታመሙ ይችላሉና።

ከስዊድን የመጣ ሌላ ሥራም አለ። በ2021 የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች በደም ሥሮች ዙሪያ የሚገኙት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎች በአይጦች ላይ ከምልክቱ ብዙ ቀደም ብለው እንደሚለወጡ አሳዩ። ከዚያም ኤስፒፒ1 የተባለውን ፕሮቲን በአውሮፓ ታማሚዎች ደም ውስጥ ለክተው፣ መጠኑ ከፍ ያለባቸው ታማሚዎች ዕድሜ አጭር መሆኑን አገኙ። ለእኔ ይህ ከብዙ የማይክሮስኮፕ ምስል ይበልጣል፤ በሕይወት ካለ ሰው ክንድ በተቀዳ ደም የሚለካ ነውና።

አሁን ወደ መድኃኒቱና ወደ ፓምፑ። አጥሩ ከሳሳ መድኃኒት በቀላሉ ይገባል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። በፊላደልፊያ ቶማስ ጀፈርሰን ዩኒቨርሲቲ የዳቪዴ ትሮቲ ቡድን በ2012 እንዳሳየው፣ በሽታው ሲገፋ በግድግዳው ላይ ያሉት ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባሉ ፓምፖች ይበዛሉ። ፓምፑ እንግዳ ኬሚካል ሲያይ ወደ ደም ይመልሳል፤ መድኃኒት ደግሞ ለእሱ እንግዳ ኬሚካል ነው። አጥሩ ተሸንቁሮ ከብት እየገባ ዘበኛው በር ላይ እንግዳ ሁሉ እንደሚመልስ ግቢ ነው። በ1995 የጸደቀው የመጀመሪያው የኤኤልኤስ መድኃኒት ሪሉዞል በዚሁ ፓምፕ የሚመለስ ነው። የትሮቲ ቡድን በ2014 ፓምፑን የሚያግድ ኬሚካል ከሪሉዞል ጋር ለአይጦች ሲሰጥ፣ ሪሉዞል ብቻውን ከሚያደርገው የተሻለ ውጤት አገኘ። ሪሉዞል በሰው ላይ ዕድሜን የሚያስረዝመው በአማካይ ሁለት ሦስት ወር ነው። ከዚህ ትንሽነት ምን ያህሉ የመድኃኒቱ ድካም ነው፣ ምን ያህሉስ የፓምፑ ሥራ ነው? በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የወደቁት ሌሎች መድኃኒቶችስ የታለመላቸው ቦታ ደርሰው ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ በብዙ የመድኃኒት ሙከራ ዘገባዎች ውስጥ አይነሣም፣ መነሣት ግን ነበረበት።

አንዳንዱ መድኃኒት በሩን ዞሮ ይገባል። በኤፕሪል 2023 በአሜሪካ የጸደቀው ቶፈርሰን ከኤስኦዲ1 ጂን መልእክት ጋር ተጣብቆ ምርቱን የሚቀንስ ሰው ሠራሽ ቁራጭ ነው። ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ አጥሩን አያልፍም። ስለዚህ በወገብ አጥንቶች መካከል በመርፌ ይሰጣል፦ መጀመሪያ በ14 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በየ28 ቀኑ። ታማሚው በየወሩ ጎኑ ላይ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ መርፌውን መጠበቅ አለበት።

ሌላው መንገድ አጥሩን ሆን ብሎ መክፈት ነው። በቶሮንቶ ሳኒብሩክ ሆስፒታል በ2019 በታተመ ሙከራ፣ አራት የኤኤልኤስ ታማሚዎች በኤምአርአይ እየተመሩ በእንቅስቃሴ አዛዥ የአንጎል ክፍላቸው ላይ የድምፅ ሞገድ ተላከባቸው። በደማቸው የተወጉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች በሞገዱ ሲርገበገቡ የደም ሥሩ መጋጠሚያ ለጊዜው ተላቀቀ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ከባድ ጉዳት አልታየም። መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ የተሞከረው መክፈት ይቻላል ወይ የሚለው ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ ቤተ ሙከራ አጥሩን ለመጠገን ሲደክም ሌላው ለመክፈት ይደክማል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያስፈራኝ ግን ቀድሞውኑ ደም በሚሰርግበት ሥር ላይ ደጋግሞ መክፈት ወደፊት ምን እንደሚያመጣ ነው። የአራት ሰው የአንድ ቀን ልምድ ይህን ሊነግረን አይችልም።

የጥገናው ወገን ገና አይጥ ላይ ነው። የታምፓው ቡድን ከሰው መቅኒ የተወሰዱ ሴሎችን ለታመሙ አይጦች በደም ሥር እየሰጠ ግድግዳው እንደሚሻሻል፣ የመፍሰሱም መጠን እንደሚቀንስ ደጋግሞ ዘግቧል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ከተስፋ ሰጪነት በላይ ልለው ግን አልደፍርም። በዚህ በሽታ የአይጥ ተስፋ ያመጣውን መዘዝ ያየ ሰው ይጠነቀቃል። ሚኖሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ አይጦቹን ጠቅሟቸው ነበር። በ2007 በ412 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ሲወጣ ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት 25 በመቶ ፈጥነው ነው የደከሙት።

የቅደም ተከተሉ ጥያቄ በአይጥም በሟችም እንደማይፈታ ይሰማኛል። የሚፈቱት የተበላሸውን ጂን ወርሰው ገና ያልታመሙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተሉ ጥናቶች አሉ፤ ከነዚህም በማያሚ የማይክል ቤናታር ቡድን የሚመራው አንዱ ነው። አትላስ የተባለው ሙከራም ቶፈርሰንን ምልክት ላልጀመራቸው የኤስኦዲ1 ተሸካሚዎች እየሞከረ ነው። በሁለቱም የሚፈለገው ኒዩሮፊላመንት የተባለው፣ የነርቭ ሴል መጎዳትን የሚያሳየው ፕሮቲን ነው፤ በአትላስ ከወገብ ፈሳሽ ይቀዳል፣ ደምም ይወሰዳል። ከዚያው ብልቃጥ አልቡሚንን መለካት ርካሽ ነው፣ ኤስፒፒ1ንም መጨመር ይቻላል። የአጥሩ መለኪያ ከኒዩሮፊላመንቱ ቀድሞ የሚነሣ ከሆነ የዝሎኮቪች ወገን አብላጫውን ያገኛል፤ ተከትሎ የሚነሣ ከሆነ የኦክላንዶቹ ጥርጣሬ ይጸናል። ናሙናው በማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ የሚቀረው አውጥቶ መለካት ነው።